የአስካለ ግድግዳ

አምና በጥቅምት የልጅነት ጎረቤቴ እትዬ ብዙነሽ አረፉ ተብሎ ተደወለልኝና ለለቅሶ ጅማ ወረድኩ። መንገዱ ወገቤን ቆርጦኝ፣ ከመነኸሪያ በባጃጅ የድሮ ሰፈራችን ጊንጆ ስደርስ ድንኳኑ ተጥሏል፣ ሰዉም ሲያለቅስ አርፍዶ ደክሞት እህል እየቀመሰ ነው። ጡር አይሁንብኝና፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ እንባዬ እምቢ አለኝ። ልጃቸው ፊቴን አየችና "ደክሞሻል፣ ትንሽ ጋደም በይ" ብላ ወደ ጓሮ ክፍል ወሰደችኝ። በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን እንዳስገባሁ ሽታው ተቀበለኝ።

"ሰሞኑን ለወባ ረጭተውት ነው። ይሸታል እንዴ?" አለች አፈር ብላ።

ኧረ ይሸታል! ያሁኑ መድኃኒት ከድሮው ሌላ ነው ይላሉ፤ ለኔ አፍንጫ ግን ያው ነው፤ ደረቅ፣ ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ከእርጥብ ጭቃ ጋር የተደባለቀ ሽታ። ግድግዳውን በመዳፌ ዳበስኩት። ነጭ ዱቄት እጄ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ልጅቷ ለእናቷ ያለቀስኩ መስሏት አቅፋ አባበለችኝ። ለእናቷም ነበር፤ ለእናቷ ብቻ ግን አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ አራተኛ ልገባ ነው፣ ዕድሜዬ ዘጠኝ ወይ ዐሥር ቢሆን ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ይወጣል፣ ሲመለስ ሁለት ቀን አድሮ ደግሞ ይሄዳል። ቤት የምንውለው እኔና እማዬ ነን። የፊት ለፊቱ ቤታችን በኖራ የተቀባ ነው፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት የጭቃ ክፍል አለችን። እዚያች ክፍል ውስጥ አስካለ ትኖር ነበር።

አስካለ ቡና ለቃሚ ናት። መጋዘን ውስጥ ከብዙ ሴቶች ጋር ቁጭ ብላ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና የነቀዘውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ትውላለች። የመጣችው ከሩቅ ገጠር ነው፣ ጅማ ውስጥ አንድም ዘመድ የላትም። ባሏን በተጋቡ በዓመቱ ለውትድርና ወሰዱባት፤ እሷም በሆዷ የያዘችውን ይዛ ቀረች። ሳቂታ ነበረች። እማዬ ግማሽ ቀን የሚፈጅባትን የምስር ለቀማ አስካለ ወሬ እያወራች፣ ሰፌዱን እንኳ በደንብ ሳታየው ትጨርሰዋለች። እኔ ጣቶቿ ላይ ዓይን ያላት ይመስለኝ ነበር። ሆዷ ሲገፋ እማዬ "አጎንብሳ እንዳትጠርግ" ብላ የክፍሏን ጥርጊያ ለኔ ሰጠችኝ። ሌላ ሥራ ሲሰጠኝ ጆሮ ዳባ ልበስ የምል ልጅ፣ ለአስካለ ሲሆን በጠዋት መጥረጊያዬን ይዤ በሯ ላይ እገተራለሁ።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ አባ ሚልኪ መጡ። አባ ሚልኪ የወባ መሥሪያ ቤት ረጪ ናቸው። የሰፈሩ ሰው መሥሪያ ቤቱንም እሳቸውንም በደፈናው "ወባ" ነበር የሚለው፤ "ወባ መጣ" ከተባለ አባ ሚልኪ መጡ ማለት ነው። እኔማ በሽታውን በዚያ በጀርባቸው ባለው ፓምፕ ተሸክመው የሚያዞሩት ይመስለኝ ስለነበር እግሬ አውጪኝ እል ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪ ለባሽ ሽማግሌ ናቸው፤ በራሳቸው ላይ ነጭ ኮፍያ አይለያቸውም። ፓምፑ ለዓመታት ተጭኖት የግራ ትከሻቸው ወደ ታች ወርዷል። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሰላምታቸው አያልቅም።

"አካም? ፈያዳ? ልጆቹ ፈያዳ? ሹፌሩስ ፈያዳ? ላሚቷ?"

ላም የለንም። ቢሆንም እማዬ "ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች፣ ሰላምታው እንዲያልቅ ብላ።

ዕቃችንን ሁሉ ግቢ አወጣን፣ ምግቡን ከደንን፣ ዶሮዎቹን አባረርን፣ አባ ሚልኪም ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ሽሽሽ እያደረጉ ረጩት። ሲጨርሱ ከኪሳቸው ቀይ ጠመኔ አወጡና በራችን ላይ የቤት ቁጥራችንን፣ ቀኑንና አንድ ትልቅ "3" ጻፉ። የአስካለ በር ላይ ደግሞ "1"።

"ሁለት ናት እኮ!" አልኳቸው ሆዷን እያሳየሁ። ፍርሃቴን ክርክር አስረሳኝ።

ሳቁ። "ያልተወለደ አይቆጠርም ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሲወለድ እንጽፈዋለን፣ ኢንሻ አላህ።"

እሳቸው ሄዱ፣ እኔ ግን ከቁጥሩ ፊት ቀረሁ። በዚያ ዘመን የተቆጠረ ሰው ይወሰድ ነበራ! የአስካለ ባልም መጀመሪያ ቀበሌ መጥቶ ቆጠረው፣ ከዚያ ወሰዱት። ስለዚህ "1" ማለት ከዚህ ቤት አንድ ሰው ይወሰዳል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው ሳያየኝ ምራቄን በጣቴ ቀብቼ አሸሁት። የጠመኔው ቀይ ዙሪያውን ተለቀለቀ እንጂ ቁጥሩ አልጠፋም። ከኛ በር ላይ ያለውን "3" ግን አልነካሁትም፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ከርጭቱ በኋላ የአስካለን ክፍል ስጠርግ በየጠዋቱ ከግድግዳው ሥር የሞቱ ትንኞች፣ ዝንቦችና በረሮዎች አገኝ ነበር። አንዳንድ ቀን እቆጥራቸዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ በወረቀት ጠቅልዬ ለጓደኞቼ አሳያለሁ። ግድግዳው ላይ ግን ያ ነጭ ነገር ደርቆ ቀረ። ወተት የተደፋበት ይመስላል፣ ያስጠላል።

ጳጉሜ ገባች። በኛ ሰፈር ሴት የሆነች ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ቤት ትለስናለች። ግድግዳዋ አሮጌ ሆኖ አዲስ ዓመት የሚገባባት ሴት ዓመቱን ሙሉ ስትታማ ትከርማለች። አስካለ ደግሞ በዚያ ሆድ ባልዲ ጭቃ ማንሳት አትችልም። "ዘንድሮ ይለፈኝ፣ ማን ያየኛል?" ስትል አንጀቴን በላችው። እማዬን ለመንኳት። እማዬም ኖራዋን እያማሰለች "በይ ሞክሪው፣ አንቺም ልመጂ" አለችኝ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቀዩን አፈር ነፋሁ፣ ጭድ ጨመርኩ፣ በእግሬ ረገጥኩ። ማለስለሻውን በእበትና በአመድ አቦካሁ። ያን ነጭ እድፍ መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት፣ ከዚያ ከላዩ ለሰንኩበት። የእጄ ቆዳ ተላጠ። ወንበር ላይ ወጥቼ እስከ ጣሪያው ድረስ አንዲት ጣት ታህል ነጭ ነገር አላስቀረሁም። ስጨርስ አስካለ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ ቀጥላም በጭቃ የተለወሰውን እጄን ይዛ ሳመችው። እኔ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የሚጠረግ ትንኝ ጠፋ። አንድም የለ! ትንኝ ንጹሕ ቤት ስለሚጠላ ልስኔን አይቶ ሄደ አልኩ። ይኼን ለሰፈሩ ልጆች በሙሉ ለፍፌያለሁ።

ጥቅምት ሲጋመስ አስካለ አንድ ቀን ከመጋዘን በጊዜ ተመለሰች። ነጠላዋን ደርባ ተከናንባ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ጋቢ ባለብሳት ጋቢው አብሯት ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሁሉንም አውልቃ ጣለችና ውሃ ውሃ አለች። በማግስቱ ደህና ሆነች፣ ሥራም ገባች። በሦስተኛው ቀን ግን ሁለት ሴቶች ደግፈው አመጧት።

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። እትዬ ብዙነሽም መጡ። እትዬ ብዙነሽ አጥር ለአጥር የምንጎራበታቸው ሴትዮ ናቸው፣ የእድሩ የሴቶች ሰብሳቢ። የእድሩ ጥሩምባ እንኳ የሚሰቀለው እሳቸው ቤት ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲታመም አጥሚት ይዘው የሚደርሱት፣ ሴት ስትወልድ ገንፎ የሚያገነፉት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ትልቅ ነው፣ ልባቸውም ትልቅ ነው፣ ያሉት ነገር ደግሞ አይቀርም።

"ምች ነው" አሉ የአስካለን ግንባር ዳሰው። "ዳማከሴ አሹላት።"

"ወባ ቢሆንስ? ያን ክኒን ብትወስድ…" አለች አንዷ።

"ክኒን?" እትዬ ብዙነሽ ብድግ አሉ። "እርጉዝ ሴት ያን መራራ ነገር ብትውጥ ፅንሱ አይተርፍም! ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ፣ በራሴ አይቼዋለሁ!"

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። ሌላዋ ደግሞ ቀበል አድርጋ "ደሙንስ በመስታወት ቀብተው የት ነው የሚወስዱት? ለቆሰለ ወታደር ነው አሉ" አለች።

አስካለ ከጋቢው ውስጥ "ባሌን ወስደዋል" አለች። "ደሜን ደግሞ አልሰጥም።"

ሴቶቹ ሲወጡ ተከትያቸው አጥሩ ጋ ቆምኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚያወሩት። አስካለ እድርተኛ አይደለችም፣ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይቀብራታል? ወደ አገሯ ብትሳፈር አይሻልም? ለቃሚ ዛሬ መጥታ ነገ የምትሄድ ሰው ናት። እማዬ አንድ ቃል አልተናገረችም። እማዬን እወዳታለሁ፣ ያን ቀን ግን ዝምታዋ አሳፈረኝ። በመጨረሻ እትዬ ብዙነሽ "በቃ! ሰው አይደለችም እንዴ? ብትሞት አዋጥተን በደንብ እንቀብራታለን፣ ጥሩምባም ይነፋላታል" አሉና ወሬውን ዘጉት። ምን ዓይነት ደግ ሴት ናቸው ብዬ አሰብኩ። ማታውን ግን ትሞታለች ማለታቸው እንደሆነ ሲገባኝ ራቴን መብላት አቃተኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባ ሚልኪ ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንግተው ብቅ አሉ። በዚያ ሰሞን ቤት ለቤት እየዞሩ "የተኮሰው ሰው አለ?" ብለው ይጠይቁ ነበር። ሰዉ ሁሉ ይደብቃቸዋል።

"አካም? ፈያዳ? ትኩሳት ያለበት ሰው አለ?"

"የለም አባ ሚልኪ፣ ሁላችንም ደህና ነን" አለች እማዬ፣ ዓይኗን ወደ ኋላ ክፍል ጣል አድርጋ።

"አልሐምዱሊላህ።" ሊሄዱ ሲሉ እኔን አዩኝ። "አንቺስ ኢንተላ ኮ? ትንኝ ይነክስሻል?"

ምን ቅብጥ እንዳደረገኝ! "እኛ ቤት ትንኝ የለም!" አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ። "ድሮ የአስካለን ክፍል ስጠርግ በየጠዋቱ ሞተው አገኛቸው ነበር። ግድግዳውን ስለስነው ግን ጠልተውት ሄዱ። አሁን አንድም የሞተ የለም።"

አባ ሚልኪ ቦርሳቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። "ነይ አሳዪኝ" አሉኝ።

እማዬ ልትከለክል ቃሏን ሳትጨርስ እኔ በሩን ከፍቻለሁ። አባ ሚልኪ መጀመሪያ ያዩት አስካለን ነው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታቃስታለች። ቀጥለው ግድግዳውን በመዳፋቸው ከላይ ወደ ታች ዳበሱት፣ መዳፋቸውንም ገልብጠው አዩት። ንጹሕ ነው። ወደ ጥግ ሲጠጉ ልስኔ ላይ አምስት ስድስት ትንኞች ተለጥፈው አየሁ፤ ሲጠጓቸው ተነሥተው በረሩ። በሕይወት ያሉ ናቸው።

"ማን ነው የለሰነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"እጅሽ ይባረክ። ይኼን የመሰለ ልስን ትልልቆቹም አይችሉም" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። አስካለን ለመኗት፣ ክኒኑን አውጥተው አሳዩአት፤ ራሷን ነቀነቀች። አጥብቀው ሲለምኗት ልብሱን ወደ ፊቷ ሳበችው። "እንግዲያው ነገ እመጣለሁ። ነገ እምቢ ብትዪኝ ግን በጀርባዬ አዝዬ ሐኪም ቤት ነው የምወስድሽ" ብለው ወጡ። በሩ ላይ ደረስኩባቸው።

"አባ ሚልኪ፣ ያ ነጩ ነገር ምን ነበር?"

ዋሽተው ሊያልፉኝ ይችሉ ነበር። አልዋሹኝም። ትንኝ ደም ከመጠጠች በኋላ ግድግዳ ላይ እንደምታርፍ፣ ነጩ መድኃኒት እንደሚገድላት፣ ጭቃ ሲለብስ ግን መድኃኒቱ ከሥሩ ተቀብሮ እንደሚቀር ነገሩኝ።

"ስለዚህ እኔ ነኝ አስካለን…"

ጎንበስ አሉልኝ፤ ያ የወረደ ትከሻቸው ከፊቴ ትክክል ሆነ። "ስሚ። እኔ 'ግድግዳውን አትንኩ' ብዬ ለእናትሽ ነግሬያታለሁ። ለለሳኟ ግን አልነገርኩም። ጥፋቱ ለለሳኟ ያልነገረው ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ወላሂ። አንቺ የሠራሽው በፍቅር ነው።"

እስከ ዛሬ አንድ ሰው አንድ ቃል ተናግሮ እንደዚያ ሸክም ሲያወርድልኝ አላየሁም። ቢቆጡኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ይዤው እኖር ነበር። አባ ሚልኪ ግን በዚያ በዘመመ ትከሻቸው የኔንም ጨምረው ተሸከሙት።

በማግስቱ ጠዋት ልጠርግ ገብቼ ለአስካለ ሁሉንም ነገርኳት። ትንኙን፣ ነጩን ዱቄት፣ በእርጥብ ጨርቅ ማሸቴን ሳይቀር። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ትኩስ እጇን ዘርግታ የተላጠውን መዳፌን ያዘች።

"እኔን ብሎ ግድግዳ የለሰነልኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም" አለችኝ።

"እንግዲያው ክኒኑን ዋጪያ!"

"ልጄስ? እትዬ ብዙነሽ ያሉትን አልሰማሽም?" ብላ ማልቀስ ጀመረች። "እኔ ብሞት ግድ የለኝም። ባሌ ሲመጣ ልጁን ማን ያሳየዋል?"

በዚህ መሀል እትዬ ብዙነሽ አጥሚት ይዘው ገቡ፣ እማዬም ተከትላቸው። ብዙም ሳይቆይ አባ ሚልኪ ደረሱ። እትዬ ብዙነሽ ሲያዩዋቸው ጣሳውን አስቀምጠው በአስካለና በሳቸው መሀል ቆሙ።

"አትቀርባትም!" አሉ። "የኔን ልጅ የገደልክ አንተ ነህ!"

ክው አልኩ። በሰፈሩ ውስጥ አባ ሚልኪን "አንተ" ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ያን ቀን ለምን አንገታቸውን እንደደፉም ያን ጊዜ ገባኝ፤ እትዬ ብዙነሽ ከጥቂት ዓመት በፊት የስድስት ወር ፅንስ ወርዶባቸው ነበር።

አባ ሚልኪ አልተቆጡም። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። "ክኒኑን ስሰጥሽ በሽታው ከያዘሽ ስንተኛ ቀንሽ ነበር፣ ብዙነሽ?"

"ዘጠነኛዬ ነዋ! ዘጠኝ ቀን ስንቀጠቀጥ ከርሜ!"

"እኔ ስደርስ ልጁ ሆድሽ ውስጥ ይንቀሳቀስ ነበር?"

እትዬ ብዙነሽ ዘወር ብለው የአስካለን ሆድ አዩ። ያ ትልቅ ድምፃቸው የት እንደገባ እንጃ፣ "አልነበረም" አሉ። "አልነበረም። ከሁለት ቀን በፊት ነው ዝም ያለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌም።"

"ክኒኑ ሲደርስ እሱ የለም ነበር። የወሰደው ወባው ነው። እኔ ዘግይቼ ደረስኩ፣ ለዚህ ብትረግሚኝ እቀበላለሁ።" አባ ሚልኪ ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ። "ግን ማሎ፣ እባክሽ ብዙነሽ፣ ለመቅበሯ አዋጥታችሁ ተስማምታችኋል አሉ። ለማዳኗ አንድ ሰው ይጥፋ?"

ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እማዬ ጥግ ላይ ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር፤ እሷ ትሆናለች።

አስካለ የእትዬ ብዙነሽን እጅ ይዛ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። ሁላችንም ያን እጅ እናያለን። አባ ሚልኪ እንኳ አንገታቸውን አስግገዋል።

"ይራገጣል" አሉ እትዬ ብዙነሽ። ከዚያ ድምፃቸው ተመለሰ። "ይራገጣል እኮ! ምን ተገትረው ያያሉ አባ ሚልኪ፣ ክኒኑን ያምጡት እንጂ!"

መጀመሪያ ደሟን ሊወስዱ ጣቷን ሲጠይቋት አመነታች። እኔ ጣቴን ቀድሜ ዘረጋሁ፤ ወጉኝና አንዲት ጠብታ መስታወቱ ላይ አሳረፉ። "ይኼ ወታደር አያድንም" አሉ አባ ሚልኪ፣ "ትንኝ እንኳ አያጠግብም።" አስካለ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለች፣ ጣቷንም ሰጠች። ክኒኑን ያዋጧት እትዬ ብዙነሽ ናቸው፤ በገዛ እጃቸው፣ አንድ በአንድ፣ ስኳር በማንኪያ እያስከተሉ። ከያንዳንዷ ክኒን በኋላ እጃቸውን ሆዷ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። "አለ" ይሉናል። ሌላዋን ያስውጧታል።

ከሰዓት በኋላ አስካለን ማሳከክ ያዛት። አባ ሚልኪ "ያሳክካታል፣ የክኒኑ ጠባይ ነው፣ ያልፋል" ብለው አስቀድመው ባይነግሩን ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። እትዬ ብዙነሽ በደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጀርባዋን ሲፎክቱላት ዋሉ። "ወደ ላይ… እትዬ፣ ወደ ግራ" ትላለች አስካለ። "አሁን ደግሞ እኔን ገረድ አደረገችኝ!" ይላሉ እሳቸው፣ እየሳቁ፣ እያለቀሱ። ሦስት ቀን በተከታታይ ክኒኗን ወሰደች። በአራተኛው ቀን እማዬ አልጋዋን ከኋላ ክፍል አንሥታ እኛ ቤት አስገባቻት። ይቅርታ በቃል መጠየቅ አይሆንላትም እማዬ፤ የራሷን ወፍራም ብርድ ልብስ አለበሰቻት።

ታኅሣሥ ላይ አስካለ ሴት ልጅ ወለደች። ትንሽዬ፣ ጯሂ። ገንፎውን ያገነፉት ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልገኝም።

ሰኔ መጣ። የቀበሌው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ "ከርጭት በኋላ ቤቷን የምትለስን ትቀጣለች" ሊል ነበር አሉ። አባ ሚልኪ "ሴቶቹን አታስፈራራብኝ፣ የባሰ ይደብቁኛል" ብለው ለመኑት። ከዚያ እትዬ ብዙነሽ ቤት መጥተው ሁለቱ ሲመክሩ ዋሉ። ልስኑ ይቅደም፣ ርጭቱ ይከተል፤ ለእንቁጣጣሽ ደግሞ የቤቱን ውጭ እንደልባቸው ያሳምሩ፣ ውስጡን ለአባ ሚልኪ ይተዉላቸው። አለቀ። ያን ያህል ቀላል ነገር ነበር።

ለሰፈሩ ማን ይንገር? አንድ ጠዋት የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ሰዉ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ሴቱ ደረቱን ሊደቃ እየተዘጋጀ፣ ከየቤቱ ወጣ። "ማን ነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም!" እትዬ ብዙነሽ ከጥሩምባ ነፊው አጠገብ ቆመው ይጮኻሉ። "ማንም! ልስን ነው! ወባ በሐምሌ ሊረጭ ይመጣል፣ እስከዚያ ለስናችሁ ጨርሱ!"

ስድቡ! ልቤን አፈሰሱት የሚል አለ፣ ሰው በሕይወት እያለ ጥሩምባ ይነፋል እንዴ የሚል አለ። እሳቸው ግን "ለሞተ ብቻ ነው እንዴ የሚነፋው? ሰው እንዳይሞትም ይነፋል!" ብለው ወደሚቀጥለው መንደር ሄዱ። ተሳዳቢው ሁሉ በዚያው ሳምንት ጭቃ ሲረግጥ አየሁት።

እኔና አስካለ ክፍሏን አብረን ለሰንን። ልጅቷ በጀርባዋ ታዝላ ተኝታለች፤ አስካለ ጭቃውን ታቀብለኛለች፣ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ አለሰልሳለሁ። ልስኑ ደርቆ ካለቀ በኋላ አባ ሚልኪ ፓምፓቸውን ተሸክመው መጡ። "አካም? ፈያዳ? ላሚቷ ፈያዳ?" ግድግዳዬን ከላይ እስከ ታች ረጩት። ያ ደረቅ ሽታ ግቢውን ሞላው። ከዚያ ቀዩን ጠመኔ አውጥተው በሩ ላይ የቤት ቁጥሩንና ቀኑን ጻፉና ቆም አሉ።

"እዚህ ቤት ስንት ሰው አለ?" አሉ፣ እንደማያውቅ ሰው።

"ሁለት!" አልኩ።

ጠመኔውን ሰጡኝ። በሩ ላይ አንድ ትልቅ፣ ጠማማ "2" ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናብ ባባራ ቁጥር ሮጬ እሄድና እንዳልጠፋ አይ ነበር።